ጋሽ ተፈራ በድረ ገጽ የሞቱ ዕለት

አማቴን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ያውም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ፣ በአንድ ጣት። ኧረ አትደንግጡ! ዛሬ ጠዋትም ደውለው "አንተ ሰነፍ፣ የዚያ ሱሪ ፎቶ ዛሬም ተጣሞ ነው የሚታየው" ብለው ሲሰድቡኝ ነበር። ደህና ናቸው። ከእኔም ከእናንተም በላይ ደህና ናቸው። ግን አንድ እሁድ ሰፈሩ ሙሉ አልቅሶላቸዋል፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

ያኔ ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ተቀጥሬ ነበር የምሠራው። ፎቶ ኮፒ፣ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ከሁሉም በላይ ግን የሕይወት ታሪክ። በቀብር ላይ የሚነበበውን ማለቴ ነው። ዘመዶቹ ዓይናቸው ቀልቶ ይመጡና የሟችን ነገር እያቋረጡ ይነግሩኛል፤ እኔ አሳምሬ እጽፋለሁ፣ ፎቶውን በጥቁር መስመር እከባለሁ፣ አትሜ እሰጣለሁ። እጄ ከመልመዱ የተነሳ ስለማንም ስለምንም ስጽፍ "ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ" ሳልል አላልፍም። አንድ ጊዜ ለዶሮ መኖ ሻጭ ማስታወቂያ ስሠራ ይህንኑ ጽፌ አለቃዬ በሳቅ ሊሞት ነበር።

ከሥራ መልስ ደግሞ ድረ ገጽ መሥራት ለብቻዬ እማር ነበር። ተማርኩ ልበል እንጂ ለአንድም ሰው ሠርቼ አላውቅም። ብቻ ለጀለሶቼ "ዌብሳይት እሠራለሁ" እያልኩ እጎርር ነበር፤ አራዳ ሳይሠራም ይጎርራል።

እና ሶስና ነበረች። ሶስናን እንዴት እንደወደድኳት ብነግራችሁ ይህ ጽሑፍ አያልቅም፤ ስለዚህ አባቷን ልንገራችሁ። ጋሽ ተፈራ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ውስጥ ሱፍ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ያለቻቸው አንድ ሶስና ናት። ከእኔ በፊት አንድ የቢሮ ሠራተኛ ሽማግሌ ልኮባት ነበር። ጋሽ ተፈራ ሽማግሌዎቹን በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየሰጡ ካመላለሱ በኋላ፣ "ልጁ የሚለብሰው ኮት ትከሻው ላይ ያብጣል። የራሱን ኮት ያላየ ሰው ልጄን እንዴት ያያታል?" ብለው ሸኟቸው። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ በሱቃቸው በር ሳልፍ ኮቴን አውልቄ በክንዴ ይዤ ነበር የማልፈው።

"አባዬ ሰው አይመዝንም፣ ሥራ ነው የሚመዝነው" አለችኝ ሶስና አንድ ቀን። "ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ሥራህን ይይ።"

"ምን ልስፋላቸው እንግዲህ?"

"ድረ ገጽ ሥራለት! የድሮው ሱቁ ፈርሶ ፎቅ ላይ ከወጣ ወዲህ ደንበኞቹ የት እንደገባ እንኳ አያውቁም። ማታ ማታ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው።"

እውነቷን ነበር። ድሮ መንገድ ዳር ነበሩ፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ሰላም ይላቸዋል። አሁን ከጊዮርጊስ ወደ አትክልት ተራ ሲወረድ ባለ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ጠባብ ደረጃ ወጥቶ፣ ሁለት ፀጉር ቤት አልፎ ነው የሚገኙት።

ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ተፈራ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ አፋቸው ጥግ ላይ መርፌ ነክሰው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ኮት አልለበስኩም ነበር፤ እግዜር ይመስገን።

"ይኼ ድረ ገጽ የምትሉት ስንት ሜትር ይፈጃል?"

"በሜትር አይለካም ጋሽ ተፈራ። በገጽ ነው። ለእርስዎ አራት ይበቃል፤ መግቢያ፣ ሥራዎችዎ፣ አድራሻ፣ ከዚያ ደግሞ ስለ እርስዎ።"

"ስለ እኔ ምን ይባላል?"

"የት እንደተወለዱ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ሙያውን ከማን እንደተማሩ…"

"ፖሊስ ጣቢያ ነው ወይስ ልብስ ቤት?" አሉና ግን ነገሩኝ። ሲነግሩኝ ደግሞ ቆዩ፣ የጀመሩትን እጅጌ እስኪረሱ ድረስ። ከዚያ ወደ ትዕዛዝ ገቡ። ገጹ ሲከፈት ሰላምታ ይስጥ። ቀለሙ አይጩህ። "ኮቱን ደግሞ ሰው ገልበጥ አድርጎ ገበሩን ይይ። የልብስ ሰፊ ህሊና ያለው ገበሩ ላይ ነው" አሉ።

ይህችን የገበር ነገር እንዴት እንደለፋሁባት! ስንት ቀን ሙሉ ኮቱ ሲነካ ወይ ይጠፋል፣ ወይ በአናቱ ይተከላል። በመጨረሻ አንድ የምሳ ሰዓት ላይ ስነካው ኮቱ ቀስ ብሎ ተከፈተና ያ ወይን ጠጅ ገበር ብልጭ አለ። ከወንበሬ ተነስቼ እስክስታ ወረድኩ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የመጡ ሴትዮ "ሎተሪ ደረሰህ እንዴ ልጄ?" አሉኝ። "ከዚያም ይበልጣል እማማ!" አልኳቸው።

ፎቶ ግን አስቸገሩኝ። የሰጡኝ አንድ ብቻ ነው፤ በጎልማሳነታቸው የተነሱት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ፊታቸው የተኮሳተረ፣ ዓይናቸው ሩቅ የሚያይ።

"ፈገግ ያሉበት የለዎትም?"

"ልብስ ሰፊ ሲስቅ መርፌ ይውጣል" አሉኝ።

ላሳያቸው ስል ደግሞ እጃቸውን አወዛወዙ። "ሳይተኮስ አታሳየኝ። እሁድ ሽማግሌ ልትልክ ነው አሉ። ይምጡ። ያን ዕለት ሥራህን አያለሁ፣ መልሴንም ያን ዕለት እሰጣለሁ።" ሶስና ነግራቸዋለች ማለት ነው። እኔ በዚያ ደረጃ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ አራት አራቱን ነው የዘለልኩት መሰለኝ።

ቅዳሜ ጨረስኩ። "ስለ እርስዎ" የሚለውን ገጽ ስጽፍ ልቤ ሞልቶ ነበር፤ ቃሉ ራሱ ይመጣል። ፎቷቸውንም ቀጠን ባለ ጥቁር መስመር ከበብኩት፤ ጨዋ ይመስላል ብዬ። ከዚያ ሰው ሊንኩን ሲልክ ከሥሩ ብቅ የምትለዋን ምስል እሷኑ ፎቶ አደረግኳት፣ ከታቿም የጽሑፌ የመጀመሪያ መስመሮች እንዲታዩ። ይህን ማድረግ የቻልኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነውና ኩራቴን አትጠይቁኝ። ማኪያቶዬን ፉት አልኩና ተጫንኩት። ተለቀቀ!

ሶስና ስልክ ላይ ጮኸች። "ኮቱ ተከፈተ! ኮቱ ተከፈተ እኮ!" ወዲያውም ለዘመዶቿ ሁሉ ላከችው። ከላዩ የጻፈችው አንድ ቃል ነው፤ "አባዬ"። ከጎኑ ሁለት የተጋጠሙ እጆች።

እሁድ ደረሰ። አጎቴ ጋሽ ይልማ የሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው፤ ንግግራቸውን ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ሲለማመዱ ከርመዋል። ከእሳቸው ጋር ሁለት አዛውንቶች አሉ። ሦስቱም ጋሽ ተፈራን በዓይን አይተዋቸው አያውቁም። እንደ ወጉ እኔ አልገባም፤ ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ከግቢያቸው በር ፊት ለፊት ባለች ካፌ ውስጥ ተቀምጬ መጠበቅ ነው። ሶስና ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳለች። ጋሽ ተፈራ አንድ ሥራ ሊጨርሱ ሱቅ ብቅ ብለዋል፤ ጨርቅ ሲቆርጡ ደግሞ ስልካቸውን ያጠፋሉ። ቤቱ ተቆልፏል ማለት ነው። እኔ ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት።

ገና ሽማግሌዎቼ ሳይደርሱ ሰው ወደ ግቢው መግባት ጀመረ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጥቁር የለበሱ ወንዶች። ማኅበር ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ጎረምሶች የድንኳን ብረት ተሸክመው ገቡ። እኔ ሞኙ ምን ብዬ እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? "ለእኔ ሽማግሌዎች ድንኳን! ኧረ እኚህ ሰውዬስ እንዴት ያለ አክባሪ ናቸው!" ዕንባዬ ሊመጣ ሁሉ ነበር። አስተናጋጇን ጠርቼ ኬክ አዘዝኩ።

ሽማግሌዎቼ መጡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ይልማ በሹክሹክታ ነበሩ።

"አንተ ልጅ፣ ማነው የሞተው?"

"ምን?"

"ልቅሶ ቤት ነው የላክኸን! ገብተን ተቀምጠናል። አንዱ ሽማግሌያችንማ እያለቀሰ ነው።"

"ጋሼ፣ ኧረ ይጠይቁ!"

"አንተ ባለጌ! ልቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ይባላል?" ብለው ዘጉብኝ።

በዚያው ቅጽበት አለቃዬ አንድ መልእክት ላከልኝ። "ይኼ የአንተ እጅ አይደለም እንዴ?" ይላል። የሰፈሩ እድር የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋ ነበር፤ ዛሬ ይኼው ነው። እዚያ ላይ፣ በጥቁር መስመር ተከበው፣ ሩቅ እያዩ፣ ጋሽ ተፈራ አሉ። ከሥራቸው፦ "አቶ ተፈራ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ማርያም እና ከእናታቸው ከወ/ሮ በላይነሽ ተወለዱ። ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ…" እዚያ ላይ ይቆረጣል። የሶስና "አባዬ" ከነተጋጠሙ እጆቹ ከላይ አለ፤ አንዱ ዘመድ ነው ወደ እድሩ ያስተላለፈው። ማን ሊንክ ከፍቶ ኮት ይገለብጣል? ከታች "ነፍስ ይማር" "ነፍስ ይማር" "ወይኔ ጋሼ" ዓይን እስኪደክም ድረስ ይወርዳል። አንዱ ደግሞ "ሱፌ እሳቸው ጋ ነው፣ ምን ላድርግ?" ብሎ ጠይቋል።

ደንግጬ ብድግ ስል ኬኩ ከጠረጴዛው ወንበሬ ላይ ወደቀ። እዚያው ኬኩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ የምሬን ነው፣ ኬኩ ላይ። ሶስና ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። ጋሽ ተፈራ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ሥራህን አይቼ መልስ እሰጣለሁ ብለውኛል እኮ! ሶስናን በዚህ ሥራ ማን ይሰጠኛል? ሱሪዬን እያራገፍኩ ወደ ግቢው ሮጥኩ።

ድንኳኑ ቆሟል። ሰው አንገቱን ደፍቶ ተደርድሯል። የእድሩን ዳኛ አቶ ግርማን ከበሩ ላይ አገኘኋቸውና ክንዳቸውን ያዝኩ። "አቶ ግርማ፣ ጋሽ ተፈራ አልሞቱም!"

ትከሻዬን አቅፈው ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። "አይዞህ ልጄ። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው።"

"ኧረ በማርያም፣ እውነቴን ነው! ድረ ገጽ ነው!"

"ውሃ ስጡት፣ ውሃ" አሉ ወደ ሴቶቹ ዞረው።

ውሃውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤታቸው እትዬ ለተብርሃን "ወይ ተፈራ ሓወይ፣ ወንድሜ! ገና ሐሙስ ዕለት ቀሚሴን አሳጥሮልኝ!" እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። ቤቱ ተቆልፏል። ስልካቸው ዝግ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ሳይ አንድ ክፉ ሐሳብ ገባብኝ፤ እውነት ሞተውስ ቢሆን? እኔ በምን አወቅኩ? ይህን ሳስብ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። አቶ ግርማ "ጎሽ፣ አሁን ወጣልህ" አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ተፈራ የገቡት። ክንዳቸው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ኮት አንጠልጥለዋል። ድንኳኑን አዩ፣ ሰውን አዩ፣ ክው አሉ። ግን ወግ አዋቂ ናቸውና አልጮሁም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዳር ላይ ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። አንገቱን ያቀና ሰው ስለሌለ ማንም አላያቸውም። ከማን አጠገብ እንደተቀመጡ ገምቱ። ከአጎቴ ከጋሽ ይልማ!

እኔ ከወዲያ በኩል አየሁና ሰዉን እየገፋሁ ወደ እነሱ መጠጋት ጀመርኩ።

"ማን ነው ያረፈው?" አሉ ጋሽ ተፈራ ቀስ ብለው።

"ተፈራ የሚባሉ ልብስ ሰፊ" አሉ አጎቴ አንገታቸውን እንደደፉ።

"የትኛው ተፈራ?"

"የዚህ ቤት ባለቤት ናቸው። ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ አሉ።"

ጋሽ ተፈራ ጠጋ አሉ። "ሌላስ ምን አሉ?"

"ሌላማ ሁሉም ያመሰግናል። ብቻ ቀጠሮ አያከብሩም ነበር አሉ፤ ነገ ይደርሳል ያሉት ሱሪ በወሩ ነው አሉ።"

"ማነው እንዲህ ያለው!" ብለው ጋሽ ተፈራ ዘለው ተነሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! እትዬ ለተብርሃን ጩኸታቸው ጊዮርጊስ ደረሰ። ግማሹ ሰው አማተበ፣ ግማሹ ወደ በሩ ሸሸ፤ ሸሽቶም ሊያይ ተመለሰ። አጎቴ አግዳሚው ላይ ደርቀው "በስመ አብ፣ በስመ አብ" ይላሉ። በዚህ መሐል ሶስና ፀጉሯ በቢጉዲ እንደተጠቀለለ፣ በአንድ እግር ጫማ ሮጣ ገባች። ፀጉር ቤት ሆና "እግዜር ያጽናሽ" የሚል ስልክ ደርሷት ነው። አባቷን ስታይ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችና ተንሰቀሰቀች። ጋሽ ተፈራ ጀርባዋን እየመቱ "አለሁ፣ አለሁ ልጄ። ምነው ፀጉርሽን ሳታስጨርሺ?" ይሏታል።

ከዚያ ቀና አሉ። "ማነው የገደለኝ?"

እጄን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያቺን ሰዓት እንደ ኬኩ በተጨፈለቅኩ ብዬ ተመኘሁ። "ጋሽ ተፈራ፣ ድረ ገጽዎ ነው። የሰው ሕይወት የምጽፈው ለቀብር ብቻ ነበርና እጄ ለምዶብኝ…"

"እስቲ አንብበው" አሉና የራሳቸው ድንኳን መሐል የራሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ከነሙሉው።"

ስልኬን አውጥቼ አነበብኩ። መጀመሪያ ላይ ሰው ይስቅ ነበር፣ እሳቸውም ጢማቸውን እየነካኩ ያዳምጡ ነበር። ሶስና የነገረችኝን የጻፍኩበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ፈተና የሚሄድ የሰፈር ልጅ ሁሉ ከጋሽ ተፈራ ኮት እየተዋሰ እንደሚሄድ፣ ያንንም ለማንም እንደማይናገሩ ጽፌ ነበር። ከኋላ አንድ ትልቅ ሰው ተነሳ። "እኔ አንዱ ነኝ" አለ። "ኮቱን ስመልስ 'ያዘው፣ ለደመወዝህ ቀንም ያምርብሃል' አሉኝ። አላመሰገንኳቸውም ብዬ እኮ ነው ዛሬ ስሮጥ የመጣሁት።" ሌላውም ተነሳ። ሌላውም። አንዲት ሴት ሳትቀር "ወንድሜም ለፈተና የሄደው በእሳቸው ኮት ነው" አለች። ጋሽ ተፈራ መሐረባቸውን አውጥተው "የድንኳኑ አቧራ" አሉ። ማንም አላመናቸውም።

አጎቴ ጋሽ ይልማ የዋዛ ሰው አይደሉም። ዕድሏን አይተው ተነሱ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ያንን የመስታወት ንግግራቸውን ጀመሩ። "እንግዲህ እኛ የመጣነው ልንቀብርዎ አልነበረም። ልጅዎን ሶስናን ለልጃችን ለናሆም ልንለምን ነው። እንደ ወጉ ዛሬ ሐሳባችንን እናስታውቃለን፣ እርስዎ ደግሞ ቀጠሮ…"

"ቀጠሮ የለም!" አሉ ጋሽ ተፈራ። ሶስና ክንዴን ጨበጠች።

"ሥራህን አይቼ እመልሳለሁ ብዬው ነበር" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። "ደንበኞቼ የት እንደገባሁ አያውቁም ብዬ አዝን ነበር። ይኼው ሁሉንም ሰብስቦ ቤቴ አመጣልኝ፤ ሱሪ ያደረስኩላቸውም ያላደረስኩላቸውም አሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስታወቂያ አለ? ደግሞም ከሞት የተነሳ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም። ውሰዳት!"

ልቅሶ ድንኳን ውስጥ እልል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ! እትዬ ለተብርሃን ያዘቀዘቁትን ነጠላ ገልብጠው አጣፉና ጀመሩት። ለልቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ የእኔና የሶስና ድግስ ሆነ፤ አቶ ግርማም "እድሩ ድንኳኑን ካወጣው አይቀር እስኪመሽ ይቁም" ብለው ፈረዱ። ያቺ በላስቲክ የተሸፈነች ኮት ለእኔ ነበረች። ሳይለኩኝ፣ በዓይናቸው ብቻ ነው የሰፏት። ትከሻዋ ልክክ አለ። "እምቢ ብዬህ ቢሆን ኖሮ እሸጠው ነበር" አሉኝና ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ሶስና ያኔ ፎቶ አነሳቻቸው።

እንግዲህ ይኸው ነው። የዚያኑ ሳምንት ጥቁሩን መስመር አወጣሁት፣ ፎቶውን ሳቅ ባለው ተካሁት። ያ ደረጃ አሁን ሰው አይጠፋበትም፤ ብዙዎቹ "እስቲ የሞተውን ልብስ ሰፊ አሳዩን" ብለው ነው የሚመጡት። እኔም ከኅትመት ቤቱ ወጥቼ ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ሆኗል። ግን የተለወጠብኝ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ያ ኮት ተውሶ የነበረው ሰው ምስጋናውን ለሬሳ ይዞ ነበር የመጣው። እናንተም ቤት እንደዚያ ያለ ለቀብር የተቀመጠ ቃል እንዳለ አውቃለሁ፤ የእኔ ቤት ነበረና። ደውሉ በሞቴ፣ ዛሬውኑ ንገሯቸው። ደንግጠው "ምን ሆንክ?" ቢሏችሁ እንኳ አትፈሩ፣ ይለመዳል።

ገጹን ስናሻሽል ጋሽ ተፈራ ራሳቸው አንዲት ቃል እንድጨምር አዘዙኝ። ከፎቷቸው ሥር፣ በትልቁ፣ "አሉ" ትላለች። ዕድሜ ይስጣቸውና አንድ ቀን ያቺን ቃል የሚያነሳት ሰው ያስፈልግ ይሆናል። የገጹን የይለፍ ቃል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ልረሳው እየጣርኩ ነው።